የብዙነህ አራተኛ ካሴት

ቋ። ከዚያ ሸርተት። እንደገና ቋ።

የሆነ ነገር የሱቁን የእንጨት ደረጃ እየወጣ ነበር። እኔ ባንኮኒው ሥር ተንበርክኬ ከእጄ ያመለጠች ብሎን ስፈልግ ስለነበር ማን እንደሆነ አላየሁም። በዚያን ጊዜ ሰውን ከማየታችን በፊት ኮቴውን መለየት ለምደናል። ከስክስ ጫማ ከሆነ የቀበሌ ሰው ነውና በጓሮ በር መውጣት ነው። ይኼ ከስክስ አልነበረም። ቢሆንም ብሎኗን ካገኘሁ በኋላ እንኳ ቶሎ አልተነሣሁም።

«ሰብስቤ! አለህ?»

የጋሽ ገብረኪዳን ድምፅ ነው። ቀና ስል ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጋሽ ገብረኪዳን የእትዬ አሳየች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወንጂ ሸንኮራ ሲያስመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ። አጠገባቸው ያለውን ወጣት ግን አላውቀውም። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። የሱሪውን እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል። ክራንቹን ብብቱ ሥር አስተካክሎ «አካም ጅርታ» አለኝ፤ እኔም እንደዚያው መለስኩለት።

«ወዬሳ ይባላል፤ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ነው» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን። «ከብዙነህ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ።» ይህን ብለው ወደ ኋላ ዞሩና በሩን ገርበብ አደረጉት። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ የናዝሬት የነሐሴ ፀሐይ ከዝናብ በኋላ እንዴት እንደሚፋጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሩ ሲገረበብ ግን በረደኝ።

ብዙነህ የእትዬ አሳየች አንድ ልጅ ነው። ከእኔ ጋር እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠሩን እሱ ሄደ፤ እኔን የግራ ዓይኔ አስቀረኝ። ከዚያ ወዲህ የአሠሪዬ የሱሌማን ሱቅ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ ብቻዬን እውላለሁ። ብቸኝነቱን አልጠላውም። ሬዲዮ ከፍቼ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሳዞር በመሐል ላይ ባለው ጩኸት ውስጥ ሰዎች ያሉ ይመስለኛል፤ ይህን ለብዙነህ አንድ ጊዜ ነግሬው ዓመት ሙሉ ሲስቅብኝ ነበር።

ብዙነህ ደብዳቤ መጻፍ አይወድም፤ ካሴት ነው የሚልከው። ሦስት ካሴት ልኳል። እናቱ ቴፕ የላትም፤ ካሴቶቹ የሚቀመጡት በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ መዝናኛው ውስጥ አንሶላ አጥባ ስትመለስ፣ እጇ በረኪና በረኪና እየሸተተ፣ በርጩማው ላይ ትቀመጥና «በል ሰብዬ፣ አናግረኝ» ትለኛለች። እኔም አንዱን እከፍትላታለሁ። ከጥር ወዲህ አዲስ አልመጣም። ያንኑ ሦስቱን እየደጋገምን ነው።

«መጋቢት ላይ ነው የወደቀው» አለ ወዬሳ። «አፍአበት።»

ስለ አፍአበት በእኛ ሬዲዮ ምንም አልተነገረም። ከተማው በወንበዴ እጅ ገባ የሚለውን ወሬ ግን የማያውቅ የለም፤ የሚያወራም የለም።

«አይተኸዋል?» አልኩት።

«አጠገቤ ነበር።» ክራንቹን አየ። «ይኼም የዚያው ቀን ነው።»

«ተቀበረ?»

«ማን ይቀብራል ወንድሜ? የቻለ ይሮጣል።»

ጋሽ ገብረኪዳን እጃቸውን አነሡ። «ቀስ! ቀስ በሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ተጠጉ። «አሁን አሳየችን ማርዳት አልችልም፤ ገባህ? ከሆስፒታል ሲወጡ ስለ ግንባር ትንፍሽ እንዳይሉ አስፈርመዋቸዋል። እሱ ነገረኝ ብል ይታሰራል። የዘውድነሽን ቤት አላየህም? የመንግሥት የመርዶ ወረቀት ሳይመጣ ለልጃቸው ድንኳን ተከሉ፤ በሁለተኛው ቀን ቀበሌ መጥቶ ድንኳኑን ነቀለው። ባሏ ለጥያቄ ተብሎ ሄደ፤ ይኸው አልተመለሰም።»

«እንግዲያውስ ዝም ማለት ነው።»

«ዝም እንዳልል! ለእንቁጣጣሽ ድምፁ ካልመጣ አስመራ ድረስ እሄዳለሁ ብላ ተነሥታለች። ጉትቻዋን ሸጠች። የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ቀበሌ ገብታለች። በየኬላው አፍአበት ያለ ወታደር ልጅ አለኝ እያለች ስትሄድ ይታይህ። የት ትደርሳለች?»

ይታየኝ ነበር። ጥቁር ከረጢቷን ይዛ፣ ከአንዱ ኬላ ወደ አንዱ።

«አንድ ካሴት ሥራልን» አሉኝ።

«የምን ካሴት?»

«የብዙነህን።»

ሳቅሁ፤ ፈርቼ ነው። እሳቸው አልሳቁም።

«ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አለህ። ሦስት ካሴት ሙሉ ንግግሩ መሳቢያህ ውስጥ ነው። ከዚህም ከዚያም ለቅመህ አንድ ሰላምታ ብቻ። ወረቀቱ እስኪመጣ ነው እንጂ ልናታልላት አይደለም። ወረቀቱ ሲመጣ በወጉ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዘን፣ የሚደግፏትን ሴቶች አስቀምጠን እናረዳታለን። መርዶ እንደዚያ ነው እንጂ ኬላ ላይ ወታደር ‹ሞቷል ሂጂ› ይበላት?»

ወዬሳ ወደ በሩ ክፍተት እያየ «እኔ አልወደድኩትም» አለ። «የሞተ ሰው እንዲናገር ማድረግ ያስፈራኛል። ግን እሷን መንገድ ላይ መግደልም ልክ አይደለም። እኔ እንጃ።» ደረጃውን ሲወርድ፣ ቋ፣ ሸርተት፣ ቋ፣ እስኪርቅ ሰማሁት።

እሺ ያልኩት ለእትዬ አሳየች አዝኜ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ይቻል እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነበር።

እሑድ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰው ሁሉ ለቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ፣ እኔ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ቀረሁ። መቅረት ራሱ ያስጠይቃል። የስብሰባው ድምፅ ማጉያ ከሩቅ ይንጫጫል፤ እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጀመርኩ።

ከመጀመሪያው ካሴት «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» የሚለውን ወሰድኩ፤ ማሠልጠኛ ሳለ የቀዳው ነው። ከኋላው የጄኔሬተር ጉርምርምታና የልጆች ሳቅ አለ። ከሁለተኛው «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ» የሚለውን፣ የአምናውን። ከሦስተኛው ደግሞ ደህና ነን የሚለውን። ሥራው ቀላል አልነበረም። ቁልፉን ጥቂት ካዘገየሁት ቀጣዩ ቃል ይገባል፤ ካፈጠንኩት ድምፁ እንደታነቀ ሰው ሲጥ ብሎ ይቆረጣል። ወደ ኋላ ሳጠነጥን የሚሰማው ጩኸት የብዙነህ ድምፅ ነው፣ ግን የሰው አይደለም። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ላይ ብከፍተው፣ በባዶው ሱቅ ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ፣

«ያ አንድ ዓይና ሰብስቤስ? አሁንም ከሬዲዮ ጋር ነው የሚያወራው?» አለኝ።

ማዳመጫውን አውልቄ ወረወርኩት። ይህን ቀልድ መቼም ከመቶ ጊዜ በላይ ከእናቱ ጋር ሰምቼ ስቄበታለሁ። በሦስቱም ካሴት ላይ እኔን ሳይጠይቅና ሳይነካካ አይዘጋም። የዚያን ቀን ግን ቴፑን አጠፋሁት። አዲሱ ካሴት ውስጥ ስለ እኔ የሚለውን አላስገባሁም። እንዲጠራኝ አልፈለግሁም።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሦስተኛው ካሴት ላይ «እዚሁ አፍአበት ደህና ነን፣ አታስቢ እማዬ» ይላል። በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። የከተማውን ስም አውጥቼ የቀረውን ለመውሰድ አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አምስቱንም ጊዜ ታነቀ። ስድስተኛውን እንዳለ ተውኩት። እንዳልገባኝ አልነበረም። ግን ያቺ ትንፋሽ እንዲያው ሕያው ነበረች፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደግሞስ ማን ልብ ይላል፣ አልኩ።

ቅዳሜ ጳጉሜ አምስት እትዬ አሳየች ስትገባ ጋሽ ገብረኪዳን ቀድመው ነግረዋታል፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሞጆ ላይ ሰጠኝ ብለው። በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«ድገመው ሰብዬ።»

በአራተኛው ተቀመጠች። እያለቀሰች ትስቃለች። «ወፍሯል!» አለች። «ድምፁ ወፍሯል፤ አልታወቀህም?»

«አዎ እትዬ፣ ወፈር ብሏል» አልኳት።

«ድሮም ይበላል እኮ፣ የኔ ሆዳም!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ግንባሯ ትንሽ ተኮማተረ። «አንተን ግን አልጠየቀህም ዛሬ።»

«ቸኩሎ ይሆናላ፣ እትዬ።»

«አይ። አሁን ኮርቷል ማለት ነው፤ ጓደኛውን ረስቷል። ቆይ፣ ይምጣ፣ ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው።» ካሴቱን ከቴፑ ራሷ አወጣችው። «ይኼኛውን ቤት ልውሰደው። ለአውደ ዓመት ጎረቤት ይከፍትልኛል። አስመራ መሄዱንም ትቼዋለሁ፤ ይለፉን አልፈልግም እላቸዋለሁ።»

ጋሽ ገብረኪዳን ከበሩ አጠገብ ሆነው ተነፈሱ። የፈለግነው ይኸው ነበር። ካሴቱ ከመሳቢያዬ እንደሚወጣ ግን አንዳችንም አላሰብንም።

በእንቁጣጣሽ ቀን እትዬ አሳየች ካሴቱን የጎረቤት ቴፕ ላይ፣ በር ከፍታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስትከፍተው ዋለች። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ደረጃው ላይ ሴቶች ተቀምጠው አገኘሁ። ስድስት ናቸው። አንዷ ከወንጂ በእግሯ የመጣች ናት። ሁሉም ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘዋል።

«ከአፍአበት ካሴት መጥቷል ይባላል» አለችኝ የፊተኛዋ። ቶይባ ትባላለች፤ አውቶቡስ ተራ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ቀልደኛ ሴት ነበረች። አሁን አትቀልድም። «የኔም ልጅ እዚያው ነው። ካሴቱ ላይ ከኋላ የሚስቁ ልጆች አሉ አሉኝ። ሳቁን ብቻ አሰማኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ካሴቱ እኔ ጋ የለም።»

«ዋናው አንተ ጋ ነው ተብያለሁ። አንተ ቅጂ ታወጣለህ አይደል? በአላህ ይዤሃለሁ።»

የመጀመሪያውን ካሴት ከፈትኩላት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ጄኔሬተሩ አጉረመረመ። ልጆቹ ሳቁ። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «እሱ ነው» አለች። «ይኸው! ይኼ ቀጭኑ ሳቅ። እሱ ነው፣ ወላሂ።»

ያ ሳቅ የተቀዳው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የእሷ ልጅ የተወሰደው ባለፈው ኅዳር በአፈሳ ነው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሌሎቹ አምስቱ ፎቷቸውን ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አፌን ዘጋሁ። በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ሃያ ሴቶች ነበሩ።

ሦስት ሰዓት ገደማ የከስክስ ድምፅ ሰማሁ። ሴቶቹ ተነሥተው ደረጃውን ለቀቁ። በጓሮ በር ልወጣ ዞሬ ነበር፤ ግን ከከስክሱ ኋላ የእትዬ አሳየችን የላስቲክ ጫማ ለየሁት። ቆምኩ።

የገባው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኃይለየሱስ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምሮኛል። ካኪ ለብሷል፤ ካሴቱን በሁለት ጣቱ ይዞታል። አንድ አብዮት ጥበቃ በሩ ላይ ቀረ። እትዬ አሳየችና ጋሽ ገብረኪዳን ወደ ውስጥ ገቡ።

«ሰብስቤ» አለኝ ጓድ ኃይለየሱስ፣ «አንተ ካርታ ላይ ጎበዝ ነበርክ። አፍአበት በየት በኩል ነው?»

«በሰሜን፣ ጓድ።»

«ከዚያ ወደ ናዝሬት በአሁኑ ሰዓት መኪና ይመጣል?»

መልሱን እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ከተማው ተይዟል ብሎ ግን እሱም ሊናገር አይችልም። ወደ እትዬ አሳየች ዞረ።

«ማን አመጣልሽ?»

«ሾፌር ነዋ። ሞጆ ላይ ለወንድሜ ሰጠው።»

«የሾፌሩ ስም?»

ጋሽ ገብረኪዳን መሬት መሬት ያያሉ።

«የታርጋ ቁጥር? መልክ? የለም። ጥሩ።» ኪሱ ውስጥ ካለው ማስታወሻ ደብተር ላይ አንድ ነገር ጻፈ። «እትዬ አሳየች፣ በዚህ ሰዓት ከአፍአበት ካሴት የሚልክ ሰው ከማን ጋር ሆኖ ነው የሚልከው? እስቲ ንገሪኝ። ደግሞ ሰው ሰብስበሽ ታሰሚያለሽ። ሃያ እናት ደጅ ላይ ተኮልኩሏል።»

እኔ ፍርሃቷን ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ፊቷ በራ።

«ከእነሱ ጋር ነው ማለትህ ነው? ተማርኮ?» አለች። «ታዲያ ይሁን! ከእነሱም ጋር ቢሆን በሕይወት አለ ማለት ነዋ! ተመስገን ጌታዬ!»

ጓድ ኃይለየሱስ ያለችውን ቃል በቃል ሲጽፈው አየሁ። ቀስ ብሎ፣ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በማውቀው ቆንጆ ጽሕፈቱ። ጽፎ ሲጨርስ ደብተሩን ከደነና «ወደ ከፍተኛ እንሄዳለን» አለ። «ነጠላሽን አስተካክዪ።»

ከቀበሌ በላይ ባለው በከፍተኛው እስር ቤት ገብቶ የወጣ ሰው አላውቅም ነበር። በሁለት ወገን ወጥመድ ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ፤ ዝም ካልኩ ከፍተኛ ትገባለች፤ ከተናገርኩ እኔ፣ እዚህ፣ ያለ ሽማግሌ፣ የሚደግፋት ሴት ሳይኖር፣ ካድሬ ፊት አረዳታለሁ።

«ካሴቱን እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ።

ጋሽ ገብረኪዳን እጅጌዬን ያዙኝ። «ዝም በል አንተ ልጅ!»

«ከየትም አልመጣም፣ ጓድ። ከድሮዎቹ ለቃቅሜ እዚህ ነው የቀዳሁት። ላሳይዎት እችላለሁ።»

«አሳየኝ» አለ።

ሦስቱን ካሴቶች ከመሳቢያ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፤ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ጄኔሬተር፣ ሳቅ። ከዚያ አራተኛውን፤ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ያው ጄኔሬተር፣ ያው ሳቅ። ሁለተኛውን፤ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ።» አራተኛውን፤ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ።» ሦስተኛውን፣ ከዚያ አራተኛውን፤ «እዚሁ አፍአበት ደህና ነን፣ አታስቢ እማዬ።» «እዚሁ አፍአበት ደህና ነን፣ አታስቢ እማዬ።»

እሷን ላለማየት ስፒከሩን አያለሁ።

«ምን ሆነህ ሠራኸው?» አለ ጓድ ኃይለየሱስ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ምን ብትሰማ ነው ይህን የሠራኸው? ስለ ልጁ ማን ምን ነገረህ?»

ወዬሳ ትዝ አለኝ፤ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው ሱሪው።

«ማንም ምንም አላለኝም። ናፍቃው ነበር፤ ብሠራላት ብዬ ነው።»

ጓድ ኃይለየሱስ እኔን አየ፣ ጋሽ ገብረኪዳንን አየ፤ እሳቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። ገባው። ሲገባው ደግሞ እሱም ፈራ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

«እዚህ ቤት ውስጥ ሞተ ያለ ሰው የለም!» ብሎ ጮኸ። «ሰምታችኋል? ማንም ሞተ አላለም!»

ቃሉን የተናገረው እሱ ብቻ ነው።

እትዬ አሳየች አልጮኸችም። ደረቷን አልመታችም። ለመደገፍ ቀረብኩ፤ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። በረኪናው ሸተተኝ። ካሴቶቹን፣ አራቱንም ተደርድረው ባንኮኒው ላይ፣ አየቻቸው።

«ለዚህ ነው አንተን ያልጠየቀህ?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ የጠፋባት ዕቃ የት እንደነበረ እንደተነገራት ሰው። ካሴቶቹን አልነካችም። ከረጢቷንም በርጩማው ላይ ተወችው። ወደ በሩ ሄደች። አብዮት ጥበቃው ጓድ ኃይለየሱስን አየ፤ ትእዛዝ ሲያጣ ራሱ ጠመንጃውን ወደ ጎን አድርጎ አሳለፋት።

ደረጃው ላይ ሴቶቹ ከበቧት። የቶይባ ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማኛል፤ «አሳየች! ምን አሉሽ? አለ? የኔንስ ጠየቅሽልኝ? ኧረ ተናገሪ!» ፎቶዎቹ ፊቷ ላይ ተደቀኑ። እሷ በመሐላቸው አለፈች፤ አንዳቸውንም አልገፋችም፣ ለአንዳቸውም አልመለሰችም።

ቤቷ በስተቀኝ ነው። ወደ ግራ ታጠፈች።

«የት ነው የምትሄደው?» አለ ጓድ ኃይለየሱስ።

የላስቲክ ጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ።